የምክትሉ አስራ አንድ ደቂቃ

እኔ ሰው «ይሄ ላንቺ ይከብድሻል» ሲለኝ አልወድም። ከልጅነቴ ጀምሮ ይቺ አመል አለችብኝ፤ እናቴ «አንቺ እልኸኛ» እያለች ነው ያሳደገችኝ። ስቶክሆልም ከመጣሁ በኋላም አልለቀቀችኝም። ያን ጊዜ ሜርስታ፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ባለ የዕቃ መጋዘን ውስጥ እሠራ ነበር። ከሥራ ስወጣና በዕረፍት ቀኔ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ የፖለቲካ ሳይንስ እማራለሁ። ትምህርቱን ጨርሼ የቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ስዊድኖቹ ኡፕሳትስ የሚሉት የመመረቂያ ጽሑፍ።

ርዕስ በምንመርጥበት ቀን አንዱ የክፍል ጓደኛዬ፣ ለክፋት ብሎም አይደለም፣ «አንቺ ስለ እርዳታ ብትጽፊ ይቀልሻል» አለኝ። ደሜ ፈላ። ለምን? ከኢትዮጵያ ስለመጣሁ የማውቀው ስለ እርዳታ ስንዴ ብቻ ነው? አስተማሪው የለጠፉትን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች አየሁና ማንም ያልነካውን የመጨረሻውን መረጥኩ። አሜሪካና ካናዳ በጋራ የሚመሩት የአየር መከላከያ እዝ፣ አመራሩ እንዴት ነው የሚል ነበር። ሁለት አገር፣ አንድ ሰማይ፣ አንድ አዛዥ። ማን ያዛል? ማንስ ይታዘዛል? እጄን አውጥቼ «ይሄን እኔ እወስደዋለሁ» አልኩ። እውነቱን ልናገር፣ ስለ አየር መከላከያ የማውቀው ነገር አውሮፕላን ሲያልፍ ቀና ብሎ ማየት ብቻ ነበር።

የምንኖረው ከስቶክሆልም ደቡብ ዳር፣ አልቢ ነው። ባለቤቴ አውቶቡስ ይነዳል፤ አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ አለችን። አብረውን ደግሞ የባለቤቴ አባት ይኖሩ ነበር። እኔም እንደ እሱ «አባባ» ነው የምላቸው። አባባ በአገር ቤት አየር ኃይል ውስጥ ዕድሜያቸውን የጨረሱ የራዳር መኮንን ናቸው። «ታዲያ ቤትሽ ውስጥ ባለሙያ ቁጭ ብሎልሽ ምን ቸገረሽ?» ትሉኝ ይሆናል። አባባ ስለ ሥራቸው አያወሩማ! ሲጠየቁ «ያለፈ ነገር ነው» ብለው ወደ መስኮቱ ይዞራሉ። የትም ባይሄዱ እንኳ በየጠዋቱ ጫማቸውን ይወለውላሉ፣ ጺማቸውን ይላጫሉ። በገዛ ልጃቸው ቤት ወጥ ቤት ለመግባት በር የሚያንኳኩ ሰው ናቸው። «አባባ፣ ኧረ ይግቡ፣ ቤትዎ አይደል እንዴ!» እስክላቸው ድረስ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። ነገሩ አንዳንዴ ያስቀኛል፣ አንዳንዴ ደግሞ አንጀቴን ይበላኛል።

መከሩን ሙሉ ፔንደልቶግ በሚሉት የከተማ ዳርቻ ባቡር ውስጥ ሳነብ፣ ቤት ስጽፍ ከረምኩ። አዛዡ ከአሜሪካ ነው፤ ምክትሉ ከካናዳ። ይሄን ማንም ያውቃል። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ግን የራሴን ሐሳብ ጨመርኩበት። ምክትሉ ለጌጥ የተቀመጠ ነው አልኩ። ትልቁ አገር ትንሹን አገር ቅር እንዳይለው ወንበር ሰጠው፤ ሥልጣን ግን የለውም፤ አዛዡ በሌለበት ሥራው መጠበቅ ብቻ ነው ብዬ አፌን ሞልቼ ጻፍኩ።

ምክትል ማለት ምን እንደሆነ እኔ አላውቅም? አዲስ አበባ አራት ዓመት የሠራሁበት መሥሪያ ቤት ምክትል ኃላፊ ነበረን። ኃላፊው መስክ ሲወጡ የእሱ ሥራ በሩ ላይ ለተሰለፈው ባለጉዳይ «ሲመለሱ ኑ» ማለት ነበር። ብዕር አለው፣ አይፈርምም። ማኅተሙ መሳቢያው ውስጥ ነው፣ አይመታም። ማንም ደግሞ አይቀየመውም፤ እንዲያውም «ጨዋ ነው፣ ከአለቃው አይቀድምም» ይባላል። እኔ ራሴ መጋዘኑ ውስጥ የፈረቃ ኃላፊው ምክትል፣ ቪሴ የሚሉት ነበርኩ። ኃላፊው ሽንት ቤት ገብቶ እንኳ ሰው አንድ ነገር ከጠየቀኝ «ቆይ፣ ይምጣ» ነበር መልሴ።

እዚህ አገር ጽሑፍ አስረክቦ መገላገል የለም። ኦፖነንት የሚሉት ሌላ ተማሪ ይመደብብሻል። መስመር በመስመር አንብቦት ይመጣና ፊት ለፊትሽ ተቀምጦ፣ ሰው እየሰማ፣ «ይሄን ከየት አመጣሽው?» እያለ ያፋጥጥሻል። ፈታኙ መሐል ይቀመጣሉ። በሩ ክፍት ነው፤ የፈለገ ገብቶ ማዳመጥ ይችላል። እኔ በጥር ወር፣ በዚያ አጥንት በሚሰብር ብርድ ቀረብኩ። ኦፖነንቴ ገና ጺሙን ማብቀል የጀመረ ልጅ ነበር፤ ወረቀቱን ገልጦ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ቆመ።

«ምክትሉ ሥልጣን የለውም ብለሻል። የትኛው ሰነድ ላይ ነው ያየሽው?» አለኝ።

«የታወቀ ነገር ነው» አልኩ።

«ለማን?»

«ለማንም። ምክትል ማለት እንደዚያ ነው።»

ክፍሉ ዝም አለ። ስዊድን ሲያፍርልሽ ዝም ነው የሚለው። ፈታኙ መነጽራቸውን አውልቀው፣ በትሕትና፣ ጽሑፉ በዚህ መልኩ እንደማያልፍ ነገሩኝ። ሰኔ ላይ አንድ የመጨረሻ ዕድል አለሽ፣ ከዚያ በኋላ የትምህርት ጊዜሽ ያበቃል አሉኝ። ውሃ ሆንኩ። አንድ መሥሪያ ቤት ዲግሪውን ይዘሽ ነይ ብሎኝ ነበር፤ ሰኔ ላይ ከወደቅኩ ዕድሜዬን ሙሉ ሜርስታ ካርቶን ስቆጥር መኖሬ ነው። በከተማው ባቡር ቀይ መስመር ወደ አልቢ ስመለስ እንባዬ እየፈሰሰ ያንን ልጅ ከነዘር ማንዘሩ ስረግመው ነበር፤ አሁን ሳስበው ምን በደለ፣ የጠየቀኝ እኮ ትክክለኛ ጥያቄ ነው።

ቤት ስገባ አባባ ፊቴን አይተው «ምን ሆነሻል ልጄ?» አሉኝ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ወርውሬ «ወደቅኩ፣ ምን እሆናለሁ!» አልኩና ክፍሌ ገባሁ። ምግብም አልበላሁ።

በሦስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ በሬ ተንኳኳ። አባባ ወረቀቴን ይዘው ቆመዋል። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ የእሳቸው እንግሊዝኛ ደግሞ ውጭ አገር የተማሩት ነው፤ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው በማስመሪያና በቀይ እርሳስ አስምረውበታል። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ሲደረስ ቀይ ያልነካው ቃል አልነበረም። አጠገቤ ተቀመጡና «ይሄን ማን ነገረሽ?» አሉኝ።

«አባባ፣ እርስዎም እንደዚያ ልጅ ሊሆኑብኝ ነው?»

«መልሽልኝ።»

«ማንም አልነገረኝም። አገር ቤት ምክትል እንዴት እንደሆነ እርስዎ አያውቁም?»

«አውቃለሁ» አሉ። «እኔ ነበርኩኝ።»

ከዚያ አወሩኝ። ገና ወጣት መቶ አለቃ ሳሉ፣ በምሥራቅ በኩል የአንድ ራዳር ጣቢያ ምክትል አዛዥ ነበሩ። አዛዡ ሻለቃ ናቸው። አንድ ቀን ዘመድ ሞቶባቸው ወደ ከተማ ለቅሶ ሲሄዱ «ጣቢያውን አደራ» አሏቸው። አደራ አሏቸው እንጂ እዘዝ አላሏቸውም። ረፋዱ ላይ ራዳሩ ላይ አንዲት ነጥብ ብቅ አለች። ከድንበሩ በኩል ወደ ጣቢያው ትመጣለች፤ በሬዲዮ ቢጠሯት ቢጠሯት መልስ የለም። የፀረ አውሮፕላን መድፈኞቹ በስልክ «እንተኩስ ወይስ አንተኩስ?» ብለው ጠየቁ። አባባ ማድረግ ያለባቸውን ያውቁታል፣ ተምረውታል፤ ለመድፈኞቹ «አትተኩሱ» ብሎ ቁርጥ ያለ ትእዛዝ መስጠት፣ ከዚያም ተዋጊ አውሮፕላን ተነስቶ በዓይን እንዲያያት መጠየቅ። እሳቸው ግን «ሻለቃው ይምጡ» አሉ። ከተማ ቢደውሉ ለቅሶ ቤቱ ስልክ የለውም። ሰው በጂፕ ላኩ። መድፈኞቹ እንደገና ደወሉ። «ጠብቁ።» አሁንም ደወሉ። «ጠብቁ።»

«አስራ አንድ ደቂቃ» አሉኝ አባባ። «ሰዓቱ ግድግዳው ላይ ነበር፣ ፊት ለፊቴ። አስራ አንድ ደቂቃ ሙሉ አየሁት።»

ነጥቧ ከደመናው ስትወጣ የራሳችን አውሮፕላን ሆነች። ሬዲዮው ተበላሽቶበት አቅጣጫ የጠፋበት አንድ ወጣት አብራሪ ነው፤ ነዳጁ ሊያልቅ ሲል አረፈ። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንዱ መድፈኛ ጣቱን ምላጩ ላይ አድርጎ ላብ በላብ ሆኖ ነበር።

«ታዲያ ማንም አልሞተም እኮ!» አልኳቸው።

«ማንም አልሞተም። እሱ ግን የእግዜር ሥራ ነው፣ የእኔ አይደለም። ሻለቃው ሲመለሱ ምን እንዳሉኝ ታውቂያለሽ? በሰልፍ ፊት አቁመው ‹እኔን በመጠበቅህ ጨዋ መኮንን ነህ› ብለው አመሰገኑኝ። ሁሉም አጨበጨበ። ቢያስሩኝ ይሻለኝ ነበር። ያ ምስጋና እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።» ወረቀቱን መለሱልኝና ተነሱ። «አንቺ የጻፍሽው እኔን ነው። እነዚያን አይደለም። ሂጂና ውላቸውን አንብቢ። የእኔን ነገር ግን እንዳትጽፊው፤ ለማንም አልተናገርኩትም።» ቃል ገባሁላቸው። ሲወጡ በሩን ቀስ ብለው ዘጉት።

አነበብኩ። በዚያው ሰሞን ሁለቱ አገሮች ስምምነታቸውን አድሰው ስለነበር አዲሱንም አሮጌውንም ጎን ለጎን ዘርግቼ አነበብኩ። አቤት እንዴት እንዳፈርኩ! አዛዡና ምክትሉ የአንድ አገር ዜጎች መሆን አይችሉም። አዛዡ የሚጠየቀው ለሁለቱም መንግሥታት ነው እንጂ ለራሱ አገር ብቻ አይደለም። አዛዡ ከሌለ ደግሞ ምክትሉ ያዛል። ይጠብቃል አይልም፣ ያዛል ነው የሚለው። የትንሹ አገር ጄኔራል የትልቁን አገር ወታደር «ተነስ» ቢለው ይነሳል፣ «ቁጭ በል» ቢለው ቁጭ ይላል። ጉድ እኮ ነው! የሰፈር ዕድር ሊቀመንበር ከሌላ ሰፈር ቢመጣ እንኳ ስንት ጉርምርምታ በሚነሳበት ዓለም፣ ሁለት አገር ሰማዩን የሚያህል ነገር እንዲህ ተማምኖ ይሰጣጣል? ደስ ያለኝ ይሄ ነው። ሦስተኛውን ምዕራፍ እንዳለ ቀድጄ ጣልኩና ከመጀመሪያው ጀመርኩ።

መጋቢት ላይ መጋዘኑ ውስጥ አንድ ነገር ሆነ። የፈረቃ ኃላፊያችን ጥርሱን ሊታከም ሄዷል፤ ሳልሞን ዓሣ የጫነ መኪና በተሳሳተ በር ገብቶ ቆመ። ማቀዝቀዣ ያለው በር በሌላ ጭነት ተይዟል። ልጆቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ፤ እጄም እንደ ልማዱ ወደ ስልኬ ሄደ። ከዚያ ያ የግድግዳ ሰዓት ትዝ አለኝ። «ያንን ጭነት አውጡት፣ ዓሣው ይግባ!» ብዬ ጮህኩ። ልጆቹ ሮጡ፣ ዓሣው ገባ። ኃላፊው ሲመለስ ጉንጩ እንዳበጠ «ጥሩ» ብሎ አለፈ፤ ነገሩ በዚያው አለቀ።

የሰኔ ቀኔ ደረሰ። በዋዜማው አባባ ራት ላይ «ሰው መግባት ይችላል አላልሽም?» አሉኝ። «ይችላል።» «እንግዲያው እመጣለሁ።» ጠዋት ጥቁር ሱፋቸውን ለብሰው፣ ክራቫታቸውን አስረው፣ ባርኔጣቸውን ይዘው ብቅ ሲሉ ልጄ፣ አያቷን በስዊድንኛ እንደምትጠራቸው፣ «ፋርፋር ሊያገባ ነው!» ብላ ሳቀች። ከእኔ ጋር ግን የሚስቅ ጥርስ አልነበረም። ቀዩን መስመር ይዘን ሄድን። አባባ ክፍሉ በር ላይ ሲደርሱ፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ሳለ፣ አንኳኩ። ከኋላ ወንበር ላይ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ።

የዚህ ጊዜ ኦፖነንቴ ፀጉሯን በአጭሩ የተቆረጠች ቀልጣፋ ልጅ ነበረች፤ ሁለት ገጽ ሙሉ ጥያቄ ይዛለች። ስለ ውሉ ጠየቀችኝ፣ መለስኩ። ስለ አዛዡ ሹመት ጠየቀችኝ፣ ገጹን ጠቅሼ መለስኩ። ልቤ እየሞቀ ሄደ። መጨረሻ ላይ ወረቀቷን አስቀመጠችና ቀና ብላ አየችኝ።

«ምክትሉ ማዘዝ እንደሚችል ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። ጽሑፍሽ በሙሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው። ግን አንድ መስመር ጽሑፍ በዚያች ሰዓት ለሰው ድፍረት ይሰጣል? ወረቀቱ ባይኖርስ ሰው ያው ሰው አይደለም? ማስረጃሽ ምንድን ነው?»

ፈታኙም ብዕራቸውን አንስተው ወደ እኔ ዞሩ። ገባኝ፤ ማለፌና መውደቄ እዚህ ላይ ነው። መልሱ ከኋላ ወንበር ተቀምጧል፣ እኔ ደግሞ ቃል ገብቻለሁ። ምላሴን ነከስኩ። «ማስረጃ አለኝ፣ ግን ልጠቅሰው አልችልም» አልኩ። ያ የስዊድን ዝምታ መጣ። አበቃልሽ አንቺ ሴት፣ ወደ ካርቶንሽ ተመለሽ አልኩ በሆዴ።

ከኋላ ወንበር ሲጢጥ ሲል ሰማሁ።

አባባ ቆመዋል። ፈታኙ «ከአድማጭ ጥያቄ አለ?» አላሉም፤ ገና ሰዓቱ አልደረሰም። አባባ እጃቸውን አላወጡም፣ ይቅርታም አልጠየቁም፤ ባርኔጣቸውን ወንበሩ ላይ አስቀምጠው ቀጥ ብለው ቆመው በእንግሊዝኛ ጀመሩ። «ማስረጃዋ እኔ ነኝ» አሉ። መድፈኞቹን፣ ለቅሶውን፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት፣ በሰልፍ ፊት የተሰጣቸውን ምስጋና፣ ሁሉንም አንድ ሳያስቀሩ ተናገሩ። ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። የእኔ እንባ ግን ወረቀቱ ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

«ያን ቀን ግድግዳው ላይ ከሰዓቱ አጠገብ አንድ ወረቀት ቢኖር» አሉ ሲጨርሱ፣ «‹ሻለቃው በሌሉበት ሻለቃው አንተ ነህ› የሚል አንድ መስመር ቢኖር፣ እኔ አስራ አንድ ደቂቃ አልጠብቅም ነበር። ፈሪ አልነበርኩም። ማንም ‹አዛዡ አንተ ነህ› አላለኝም። እነዚያ ሁለት አገሮች ግን ጽፈውታል። ይህች ልጅ ያገኘችው እሱን ነው።» ተቀመጡ።

ኦፖነንቷ የጥያቄ ወረቀቷን አጠፈች። ፈታኙ በጣም ዝግ ብለው፣ «ጌታዬ፣ ይህ ጽሑፉ ውስጥ በግርጌ ማስታወሻ እንዲገባ ይፈቅዳሉ?» አሏቸው።

«ከነማዕረጌ ጻፉት» አሉ አባባ።

ኮሪደር ላይ አስጠበቁን። ብዙም አልቆየ፤ በሩ ተከፈተና ፈታኙ እጄን ጨብጠው አልፈሻል፣ ያውም በከፍተኛው ውጤት አሉኝ። ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ሳስበው አሁንም ያስቀኛል። በዚያ ሹክሹክታ እንኳ በማይሰማበት ኮሪደር፣ እልልልልል! አልኩት። በሮች ተከፈቱ፣ ጭንቅላቶች ብቅ ብቅ አሉ፤ አንዷ ሠራተኛ የእሳት አደጋ መስሏት ጃኬቷን ይዛ ወጣች። ምን አባቱ፣ ደገምኩት! አባባ «ተይ፣ ተይ፣ ሰው ይታዘበናል» ይሉኛል፤ ጥርሳቸው ግን እስከ ጆሯቸው ነው። ኦፖነንቷ መጥታ አቀፈችኝ፣ እሳቸውን ደግሞ ጎንበስ ብላ ጨበጠቻቸው።

ስንመለስ ባቡሩ ሞልቶ ነበር። ሁሉም እንደ ልማዱ ጋዜጣውንና ጫማውን እያየ ዝም ብሏል። አንዲት ወጣት ተነስታላቸው አባባ ተቀመጡ፣ እኔ አጠገባቸው ቆምኩ። ብዙ ጣቢያ በመስኮቱ ውጭውን እያዩ ሄዱ። ደክሟቸው መስሎኝ ነበር፤ ለካ አንድ ነገር እያሰሉ ኖሯል። አልቢ ልንደርስ አንድ ሁለት ጣቢያ ሲቀረን ቀና ብለው አዩኝ።

«አንቺ ልጅ፣ እስቲ እውነቱን ንገሪኝ። ያቺ ልጅ ጥያቄዋን ከጨረሰች በኋላ እኔ እስክነሳ ድረስ ስንት ደቂቃ ሄደ?»

«ኧረ አባባ፣ አንድ ደቂቃም አልሞላ!»

«አንድም አልሞላም?»

«አንድም።»

ባርኔጣቸውን አደረጉና፣ ያ ሁሉ ሰው ዝም ባለበት ባቡር ውስጥ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሳቁ።